ድንች በሚረጭበት ቤት ነፍሰ ጡርን ስለ መጠበቅ

በክረምት በቆሰበርና አካባቢዋ ጉሙና ዝናቡ ሲበዛ ሌት ብላይት የሚባለው በሽታ የድንቹን ቅጠል በጥቂት ቀናት አጥቁሮ ያደርቀዋል። ለዚህም ብዙዎቻችሁ ማንኮዜብ ትረጫላችሁ። ሪዶሚል ጎልድ ኤምዜድ ከሚባለውም ከመቶ 64 እጁ ማንኮዜብ ነው። ይህ ኬሚካል እንደ ማላታይን አይከረፋም፣ ብዙ ጊዜም የረጨውን ሰው ወዲያው አያጥወለውልም። በዚህ ምክንያት «ቀላል መድኃኒት» ሲባል ይሰማል። አባባሉ ትክክል አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ላለማደስ የወሰነው በፅንስና በሆርሞን ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት ነው።

አንገታችን ላይ ያለው የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ከምግብ ባገኘው አዮዲን ሆርሞን ይሠራል። የፅንሱ አእምሮ ያለዚህ ሆርሞን በደንብ አያድግም። ፅንሱ የራሱን መሥራት የሚጀምረው በ12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። ማንኮዜብ በሰውነት ውስጥ፣ እንዲሁም ቅሪቱ ከምግብ ጋር ሲፈላ፣ ኢቲዩ ወደሚባል ነገር ይለወጣል። ኢቲዩ ዕጢው በአዮዲን ሆርሞን እንዳይሠራ ያግደዋል። ደጋው አፈራችን በዝናብ የታጠበና አዮዲን ያነሰው በመሆኑ፣ አዮዲን የጎደላት እናት ላይ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል።

«ባለቤቴ እርሻው ውስጥ አትገባም» የሚል አይጠፋም። በኮስታሪካ ሙዝ እርሻዎች አቅራቢያ የሚኖሩ 450 ያህል ነፍሰ ጡሮች ሽንታቸው ተመርምሮ ነበር። ለእርሻው ቀረብ ብለው በሚኖሩት ላይ ኢቲዩ በዝቶ ተገኘ፤ በዋዜማው የእርሻ ሥራ ልብስ ያጠቡትም እንዲሁ። በእኛም አገር ልብሱን የምታጥበው፣ መበጥበጫውንም ውሃ የምታመላልሰው ብዙ ጊዜ ሴቷ ናት።

ስለዚህ የረጨው ሰው ልብሱን ማሳው ዳር ቀይሮ፣ ገላውን ታጥቦ ይግባ። ልብሱን ራሱ፣ ለብቻው በተለየ መዘፍዘፊያ ይጠበው፤ እጣቢው ወደ ምንጭ ወይም ወንዝ ሳይሆን ወደ ማሳው ይደፋ። መርጫውም እንዲሁ። ኬሚካል የተበጠበጠበት ባልዲ ወደ ጓዳ አይመለስ፣ ባዶ ዕቃውም ውሃ ወይም ጨው አይያዝበት። ነፍሰ ጡር ወይም ልታረግዝ የምትችል ሴት በጥበጣውም በርጭቱም አትሳተፍ። አንዲት ሴት ማርገዟን የምታውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ «ስታረግዝ እንጠነቀቃለን» ማለት አያዋጣም። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ምርት መሰብሰቢያ ያለው የቀን ገደብ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ በተለይ ቲማቲም የሚያለማ ሰው ይህን ይጠብቅ።

ሌላው ጨው ነው። በ2003 ዓ.ም የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያዛል። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋል። ጨው ከምድጃው ራቅ ብሎ በተከደነ ደረቅ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር። ጨው ማብዛት ግን አያስፈልግም፣ ለደም ግፊት ይዳርጋል። ነፍሰ ጡር በቀን የሚያስፈልጋት አዮዲን 250 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው።

አንገቷ ላይ እብጠት ያላት ወይም በርጭት ሥራ የቆየች ነፍሰ ጡር ካለች እስከ ወር አትጠብቁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት፤ ስትሄዱም የረጫችሁትን ኬሚካል ስም ጽፋችሁ ያዙ።