የሩቅ ጋላክሲዎችን ጋዝ የሚያሳይ ኩራዝ

በሌሊት ከስስ መጋረጃ በስተጀርባ ኩራዝ ቢለኮስ የጨርቁ ድርና ማግ ሳይቀር ይታያል። ኩራዙ ሲጠፋ ግን መጋረጃው መኖሩም አይታወቅም። የሩቅ ጋላክሲዎች ጋዝም እንዲሁ ነው። በራሱ ደምቆ ስለማያበራ፣ ከበስተጀርባው መብራት ካልበራ በስተቀር ምን እንደያዘ ማወቅ ያዳግታል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ለዚህ ከሚጠቀሙባቸው መብራቶች አንዱ የጋማ ጨረር ፍንዳታ ነው።

ነገሩ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የኑክሌር ሙከራን የሚገድብ ስምምነት ሲፈረም አሜሪካ ቬላ የተባሉ ተቆጣጣሪ ሳተላይቶችን አመጠቀች። በ1967 የመዘገቡት ጋማ ጨረር ግን ከምድርም ከፀሐይም የመጣ እንዳልሆነ በኋላ ታወቀ፤ ግኝቱም በ1973 ይፋ ሆነ። ምንጩ በቢሊዮን በሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆ የሚገኝ መሆኑ የተረጋገጠው በ1997 ነው። ከሁለት ሴኮንድ በላይ የሚቆዩት ፍንዳታዎች በአብዛኛው የሚፈጠሩት ግዙፍ ኮከብ ዕድሜው አልቆ ወደ ውስጥ ሲደረመስ ነው።

ለመሆኑ ጋዙ እንዴት ይነበባል? ከፍንዳታው በኋላ የሚቀረው ፍካት በጋላክሲው ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱን ቀለም ከብርሃኑ ይውጣል። ብርሃኑ በመሣሪያ በየቀለሙ ሲዘረዘር የተዋጡት ቀለሞች ጥቁር መስመር ሆነው ይታያሉ። የመስመሮቹ አቀማመጥ የንጥረ ነገሩን ዓይነትና የጋላክሲውን ርቀት፣ ጥንካሬያቸው ደግሞ መጠኑን ይናገራል። ችግሩ ፍካቱ በሰዓታት ውስጥ እየደከመ መሄዱ ነው። በ2004 የመጠቀችው ስዊፍት ሳተላይትም የተሠራችው ፍንዳታ እንዳየች ቦታውን ወዲያው እንድታሳውቅ ነበር።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በመጋቢት 2009 የታየ ፍንዳታ ብርሃኑ 12 ቢሊዮን ዓመት ያህል የተጓዘ ሲሆን፣ በቺሊ የሚገኘው ታላቁ የአውሮፓ ቴሌስኮፕ ሲመረምረው ብርሃኑ በሁለት ጋላክሲዎች ጋዝ ውስጥ ማለፉን አገኘ። ዓለማት ገና ሁለት ቢሊዮን ዓመት ሳይሞላቸው በዚያ ጋዝ ውስጥ የነበረው የዚንክና የድኝ ድርሻ በፀሐያችን ካለው በልጦ ተገኘ።

አንዳንዶች «ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ቅርብ ነው። በመጀመሪያ የነበሩት በአመዛኙ ሃይድሮጅንና ሂሊየም ብቻ ናቸው። በደማችን ያለው ብረትና በአጥንታችን ያለው ካልሲየም የተሠሩት በኋላ፣ በከዋክብት ውስጥና በፍንዳታቸው ነው። እንግዲህ ያ ጥቁር መስመር የሚነግረን የሩቅ ጋላክሲን ወሬ ብቻ ሳይሆን፣ እኛ የተሠራንበት ቁስ መቼ መዘጋጀት እንደጀመረ ጭምር ነው።