አቧራ ቶሎ የማይበላው ሮድ ኤንድ አመራረጥ

80 ሲሪስ ላንድክሩዘር ሞላው ተቀይሮ 5 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚያያይዘው ፓናርድ ባር ይበልጥ ስለሚያዘነብል አክስሉን ባሩ ከሻንሲው ጋር ወደ ታሰረበት ጎን ይስበዋል። ለዚህ መፍትሔው ርዝመቱ የሚስተካከል ባር ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የብረቱን ውፍረት አይቶ ይረካል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ጫፉ ላይ በጥርስ የሚገባው ሮድ ኤንድ፣ ቀዳዳ ያለው ኳስ ያቀፈው መገጣጠሚያ ነው። በካታሎግ ላይ ሃይም ጆይንት ወይም ሮዝ ጆይንት ተብሎም ይገኛል።

1. መኪናው በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ ይወስኑ። የላስቲክ ቡሽ ንዝረትን ይውጣል፤ ሮድ ኤንድ ግን የመንገዱን ድምፅ እንዳለ ወደ ጋቢና ያስገባል። በየቀኑ ለሚነዳ መኪና በአንዱ ጫፍ ሮድ ኤንድ፣ በሌላው ላስቲክ ያለውን ባር እመርጣለሁ።

2. ጭነቱን ይለዩ። ሮድ ኤንድ በቁመቱ ሲገፋና ሲጎተት ብርቱ ነው፤ ሲታጠፍ ግን ደካማ ነው። ፓናርድ ባር የሚገፋና የሚጎተት ብቻ ስለሆነ ይስማማዋል። የሞላን ክብደት ተሸክሞ ለመታጠፍ በሚገደድበት ቦታ ግን ፈጽሞ አያስገቡት፤ ጥርሱ ከዳዶው በሚወጣበት መስመር ላይ ይሰበራል።

3. አካሉ በሙቀት የጠነከረ ክሮሞሊ ብረት ይሁን። ሻጩን የአምራቹን የዕቃ ቁጥር ይጠይቁ፤ በቁጥሩ የመሸከም አቅሙን ከካታሎግ ማየት ይቻላል። ቁጥር የሌለው ዕቃ፣ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ለመኪና እግር አይታመንም።

4. ኳሱ የተቀመጠበትን ይመርምሩ። ዕድሜው የሚወሰነው በዋናነት እዚህ ነው። ብረት ለብረት የሚሽከረከረው ግራሶ ይፈልጋል፤ ከተበላ በኋላ መንኳኳቱ አይቀርም። በቴፍሎን የተለበጠው ያለ ግራሶ በጸጥታ ይሠራል፤ አዲስ ሳለ ኳሱን በጣት ማዞር ያስቸግራል፤ ይህም ጥሩ ምልክት ነው። ለስላሳ ልባጩን የሚገድለው አቧራ ነው። እንደ አፋር ባለ አሸዋማ መንገድ የገባ ደቃቅ አሸዋ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስለዚህ የጎማ መሸፈኛውን አብረው ይግዙ፤ ግራሶ ግን አይቀቡት፣ አቧራ ይይዛል። ጭቃና አቧራ የዕለት ኑሮው ለሆነ መኪና ሦስተኛው ዓይነት ይሻላል፦ ኳሱ በፖሊዩረቴን መያዣ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ግራሶ መሙያ ያለውና የውስጥ ዕቃው ብቻ የሚቀየር። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ሙሉውን ከመጣል ያድናል።

5. ማዕዘኑን ይለኩ። መኪናውን በክሪክ ከሻንሲው አንሥተው ጠንካራ ድጋፍ ካደረጉለት በኋላ አክስሉ እስከ መጨረሻው ይንጠልጠል። የሮድ ኤንዱ አካል ከመያዣው ጋር ከተነካካ በጉድጓድ ላይ እንደ ማንሻ ሆኖ ራሱን ይሰብራል። በኳሱ ግራና ቀኝ የሚገቡ ሾጣጣ ማስገቢያዎች ቦታ ይሰጣሉ።

6. ጥርሱን ይፈትሹ። ወደ ባሩ የሚገባው ጥርስ ቢያንስ የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል ይሁን፤ ለ19 ሚሊሜትር 29 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። የማጥበቂያው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው ወደ ባሩ የሚዘልቅ የቀለም መስመር ያስምሩ፤ ሲላላ መስመሩ ይዛነፋል።

7. ቡሎኑ በሁለት ጆሮ መካከል ይለፍ፤ ከቀዳዳውም ጋር ክፍተት አይኑረው። መያዣው ባለ አንድ ጆሮ ከሆነ ከኳሱ የሚሰፋ ሮንዴላ ያክሉ፤ ኳሱ ቢወልቅ እንኳ ባሩ አይወድቅም።

ከገጠሙ በኋላ ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ሞተሩን ያስነሡ፤ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ረዳትዎ መሪውን በትንሹ ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዝ። እርስዎ ከጎን ሆነው መዳፍዎን በሮድ ኤንዱና በመያዣው ላይ አንድ ላይ ያኑሩ። ሁለቱ እኩል ካልተንቀሳቀሱ ወይም በመዳፍዎ ትንሽ "ቀጭ" የምትል ነገር ከተሰማዎት ቡሎኑን ያጥብቁ። አሁንም ካለ ኳሱ አልቋል፤ ይቀየራል።