ቆላ የሚወርድ ሞተር

(አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ባለ ጎማ ጥገና ቤት፣ አንድ አንጋፋ ጎሚስታና በአፋር አሚባራ ወረዳ በሞተር ክትባት የሚያደርስ ወጣት የጤና ባለሙያ ያደረጉት ምልልስ)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ይቺን ሞተር ነገ ወደ አሚባራ ይዣት እወርዳለሁ። ጎማዋ እየተነፈሰ አስቸግሮኛል። እሾህ የማይበሳው ጎማ ካለ ልግዛ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጎሚስታው፦ ና አረፍ በል። እሾህ የማይበሳው ጎማ አላውቅም። ለመሆኑ የሚተነፍስብህ የፊቱ ነው የኋላው?

ወጣቱ፦ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው። የክትባት ሣጥኑን የምጭነው እዚያ ነው። አገሩን ደግሞ ፕሮሶፒስ ወርሶታል፤ እሾሁ አያድርስ ነው።

ጎሚስታው፦ አውቀዋለሁ። በደርግ ጊዜ ለበረሃው ይበጃል ተብሎ የተተከለ ዛፍ ነው፤ አፋሮቹም ደርጊ ሃራ ይሉታል። ቢሆንም ጥፋቱን ሁሉ በእሾህ አናሳብብ። ያወጣሃቸውን ከመነዳሪዎች ይዘሃል?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ሁለቱም ይኸው።

ጎሚስታው፦ ጎበዝ። ይሄን የመጀመሪያውን ተመልከት። ጎን ለጎን ሁለት ስንጥቆች አሉ፣ አየሃቸው? እሾህ አንድ ቀዳዳ ነው የሚበሳው። ይሄ የንፋስ ማነስ ሥራ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል፤ የቸርኬው ሁለት ጠርዞች ከመነዳሪውን ድንጋዩ ላይ ይቆርጡታል። ጭነቱ ኋላ ስለሆነ የሚቆረጠውም የኋላው ነው። ስንት ነው የምትሞላው?

ወጣቱ፦ መለኪያ የለኝም። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ነው የማየው።

ጎሚስታው፦ ጣት 15ን ከ22 አይለይም። ዛሬውኑ መለኪያ ግዛ። ባዶ ሜዳ ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች ጎማቸው መሬት እንዲቆነጥጥ ብለው 12 እና 14 ፒኤስአይ ድረስ ያወርዱታል፤ አንተ ግን ጭነት አለህ፣ ግማሹ መንገድህም አስፋልት ነው። የሞተሩ መመሪያ የሚለውን መነሻ አድርግ። መመሪያው ከጠፋብህ ለእንዲህ ዓይነቷ ሞተር ከፊት 20፣ ከኋላ 24 አካባቢ ያዝላት። የምትለካውም ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ወጣቱ፦ እዚሁ ሞልቼ ልውረዳ?

ጎሚስታው፦ እዚህ ሙላ፣ ግን እሱን አምነህ እንዳትቀር። እኛ ያለንበት ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አዋሽ ሰባት ስትደርስ ከ1,000 ሜትር በታች ትሆናለህ። እዚያ በውጭ ያለው አየር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል፣ ጎማውንም ከውጭ ይጫነዋል። ስለዚህ እዚህ 22 የነበረው እዚያ ሁለት ያህል ይጎድላል፣ ምንም ንፋስ ሳይወጣ። ቀን የቆላው ሙቀት ውስጡን ስለሚያሳብጠው አይታወቅህም። ማለዳ ቀዝቀዝ ሲል ግን ጉድለቱ ይወጣል፤ አንተ ደግሞ ሣጥንህን ጭነህ የምትነሣው በዚያ ሰዓት ነው። ስትደርስ እደር፣ ጠዋት ለካና አስተካክል።

ወጣቱ፦ ይሄን የነገረኝ ሰው የለም።

ጎሚስታው፦ ሁለተኛውን እንይ። ይሄ ደግሞ ከቫልቩ ሥር ነው የተቀደደው። ንፋሱ ቀንሶ በኃይል ስትነዳ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል፣ ከመነዳሪውንም ይዞት ይሄዳል። ቫልቩ በብሎን ተቆልፎ ስለሚቀር ሥሩ ይቀደዳል። ብሎኑን ቸርኬው ላይ አታጥብቀው፤ ወደ ላይ አውጣና ከክዳኑ ሥር አቁመው። ከዚያ ቫልቩ ዘንበል ብሎ ካየኸው ጎማው እየዞረ ነው ማለት ነው፤ ሳይቀደድ ታስተካክለዋለህ። አሁን መፍቻውን ያዝና አንተው አውልቀው።

ወጣቱ፦ እኔ?

ጎሚስታው፦ በረሃ ላይ ማን ያወልቅልሃል? ... ቀስ በል፣ መፍቻውን ወደ ውስጥ አታስረዝመው። አዲስ ከመነዳሪ የሚበሳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ቸኩሎ በመፍቻው ይነክሰውና በማግስቱ እሾህን ይረግማል። በቸርኬው መሃል የሚዞረውን የላስቲክ ቀበቶ እየው፤ ተበልቷል። የቸርኬው ሽቦዎች ጫፎች በእሱ በኩል ወጥተው ከመነዳሪውን ይፈትጉታል። ይቀየር፤ ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አዲሱን ከመነዳሪ ስታስገባ ትንሽ ንፋስ ስጠው፣ ቅርጹን ይያዝ፤ ያኔ አይታጠፍም፣ መፍቻም አያገኘውም። የታልክ ዱቄትም ነስንስበት።

ወጣቱ፦ ወፍራም ከመነዳሪ ይሻላል ይላሉ።

ጎሚስታው፦ ለአንተ መንገድ አዎ፣ ይሻላል። አራት ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው አለ። ክብደቱ አይወደድም፣ አስፋልት ላይም ይሞቃል፤ አጭር እሾህ ግን ሁሌ አይደርስበትም። ከኋላ እሱን አድርግ። የዳካር ተወዳዳሪዎች በንፋስ ፋንታ ስፖንጅ መሳይ ነገር ይሞላሉ፤ ለእኛ ኑሮ አይሆንም። ከመነዳሪ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ የእሾህን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ቸርኬው የቆረጠውን ስንጥቅ ግን አይደፍንም፤ ፓች ስትለጥፍም ማስቲሹ እንዳይዝ ያደርገዋል። ከሁሉም በፊት ግን የኋላ ጎማህን ጥርስ እይ፤ አልቋል። ጥርሱ ካለቀ እሾሁ ለመግባት ብዙ አይደክምም። እሱን ሳትቀይር ስለ ሌላው አንነጋገር።

ወጣቱ፦ እሺ፣ ይቀየር። መንገድ ላይስ?

ጎሚስታው፦ በቆምክ ቁጥር ጎማውን እያዞርክ ተመልከት። የተሰካ እሾህ ካገኘህ በፒንሳ ንቀለው። ብዙው እሾህ ዕለቱን አይደለም የሚበሳው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እየገባ ነው። መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ሁለት መፍቻ፣ ፓችና ማስቲሽ፣ የእጅ መንፊያ አትለይ።

ወጣቱ፦ ይሄ ሁሉ ሆኖ ቢተነፍስብኝስ? ሣጥኑ ውስጥ ያለው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልቆየ ይበላሻል። በረዶው ሲቀልጥ እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው ይጠብቃሉ።

ጎሚስታው፦ ለዚያ ነው ዛሬ ያልለቀቅኩህ። ከተነፈሰ ወዲያው ቁም፤ እስከ መንደሩ ልድረስ ብለህ አትንዳ፣ ከመነዳሪው ይበጣጠሳል። መጀመሪያ ሣጥኑን አውርደህ ጥላ ሥር አስቀምጥ፣ ክዳኑን አትክፈት። ከዚያ ከመነዳሪውን አውጣና ቫልቩን ከቫልቩ ቀዳዳ ፊት ለፊት አድርገህ ጎማው ላይ ዘርጋው። የተነፈሰበት ቦታ እሾሁ ጎማው ላይ የት እንዳለ ይነግርሃል። ውስጡን በጣትህ አትዳስስ፣ ይወጋሃል፤ ጨርቅ አሂድበት፣ የሚይዘው ቦታ እሱ ነው። እሾሁን ሳታገኝ አዲሱን ከመነዳሪ እንዳታስገባ።