የቆዩ የሸክላ ዘፈኖች በፊልም ውስጥ፦ የፈቃዱ ባለቤት ማን ነው?

መግቢያ

በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ በሸክላ የታተሙ ዘፈኖች ዛሬ በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ለእይታ ባበቃው «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም የሙላቱ አስታጥቄን ሥራዎች መጠቀሙ ለዚህ ማሳያ ነው። ይህ ጽሑፍ የፊልም ፕሮዲዩሰር የቆየ ዘፈንን ለመጠቀም ፈቃድ መጠየቅ ያለበት ከማን እንደሆነ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን መነሻ አድርጎ ይመረምራል።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት መብት

በአንድ ሸክላ ላይ ሁለት መብቶች ተደራርበው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የግጥምና የዜማ ደራሲዎች የቅጂ መብት ነው። ሁለተኛው በተቀዳው ድምፅ ላይ ድምፃዊው፣ ሙዚቀኞቹና ፕሮዲዩሰሩ ያላቸው ተዛማጅ መብት ነው። ፊልሙ ነባሩን ቅጂ የሚጠቀም ከሆነ ሁለቱም ፈቃዶች ያስፈልጉታል። ዘፈኑ በሌላ ድምፃዊ እንደ አዲስ ከተቀዳ የነባሩ ቅጂ ፈቃድ ይቀራል፤ የደራሲዎቹ ፈቃድ ግን አይቀርም።

የዘመን ስሌት

«ሃምሳ ዓመት ስለሞላው ነፃ ነው» የሚለው ክርክር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአዋጁ መሠረት የድምፅ ቅጂ ፕሮዲዩሰር መብት ቅጂው ከታተመበት ጊዜ አንሥቶ 50 ዓመት ይጠበቃል። የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት ግን በሕይወት ዘመኑ ሁሉና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ለምሳሌ ያህል፣ በ1964 ዓ.ም. የታተመ ሸክላ በዚህ ስሌት በ2014 ዓ.ም. ዘመኑን ይጨርሳል። የግጥሙ ደራሲ በ1990 ዓ.ም. ሞቶ ከሆነ ግን የወራሾቹ መብት እስከ 2040 ዓ.ም. ይቆያል። ሸክላው ነፃ ወጣ ማለት ዘፈኑ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ፊልሙ በውጭ አገር የሚታይ ከሆነ ደግሞ የጥበቃው ዘመን በየአገሩ ሕግ ይለያያል።

ባለመብቱን የመለየት ችግር

አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያሳተማቸው በርካታ ሥራዎች በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ ስብስብ በፈረንሳይ ዳግም ታትመዋል። ሆኖም ለዳግም ኅትመት የተሰጠ ፈቃድ በራሱ ለፊልም የተሰጠ ፈቃድ አይሆንም። አሳታሚውን ብቻ አነጋግሮ ውል የሚፈርም ፕሮዲዩሰርም የደራሲውን ቤተሰብ ከድርሻው ውጭ ሊያደርግ ይችላል፤ ፊልሙንም ለክስ ያጋልጣል። ዘፈኑ የተመሠረተበት ቅኝት ይህን ግዴታ አያስቀርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የማንም የግል ሀብት ባይሆኑም በእነርሱ ላይ የተደረሰ ዜማ ግን ደራሲ አለው።

ማጠቃለያ

ስለዚህ ፍለጋው ከሸክላው ሳይሆን ከግጥሙና ከዜማው መጀመር ይኖርበታል። በመጀመሪያ ደራሲዎቹ ወይም ወራሾቻቸው፣ ቀጥሎ የቅጂው ባለመብቶች ሊለዩ ይገባል። ፈቃዱም በጽሑፍ ሆኖ የፊልሙን ስም፣ የአጠቃቀሙን ዓይነት፣ የሚታይባቸውን አገሮች፣ የጊዜውን ርዝመትና ክፍያውን በግልጽ ማስፈር አለበት።