የጢያ ትክል ድንጋዮች፦ ያለፈው ዘመን እንዴት ይጠናል?

ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው በሶዶ ምድር የጢያን ትክል ድንጋዮች ያገኛል። ከ36ቱ ድንጋዮች 32ቱ ምልክት የተቀረጸባቸው ሲሆኑ፣ ስፍራው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የአገሩ አፈ ታሪክ «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ ተመራማሪዎች ግን ከግራኝ አሕመድ ዘመን በፊት የቆሙ መሆናቸውን አረጋግጠዋል። ይህ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

ሀ. ፍለጋ

ጥናቱ የሚጀምረው በቁፋሮ ሳይሆን በእግር ጉዞና በጥያቄ ነው። አጥኚዎች ሽማግሌዎችን ይጠይቃሉ፤ ወንዝ የሸረሸረውን ገደልና ማረሻ ያወጣውን ገል ይመረምራሉ። ፈረንሳዊው የካፑቺን ማኅበር ካህን አባ አዛይስ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወሩ እንዲህ ያሉ ድንጋዮችን መዝግበዋል። ከዚያ ወዲህ በሶዶ አካባቢ 160 ያህል ጥንታዊ ስፍራዎች ታውቀዋል።

ለ. ቁፋሮ

ካልተነካካ በቀር የታችኛው አፈር የቀደመ፣ የላይኛው ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ቆፋሪዎች ቦታውን በገመድ በአራት ማዕዘን ይከፋፍላሉ፤ አፈሩን በግንበኛ ማንኪያና በብሩሽ በስሱ እያነሡ በወንፊት ይነፋሉ። የተገኘውን ከቦታው ከማንሣታቸው በፊት ይለካሉ፣ ይሥላሉ፣ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። አንድ ስፍራ ሁለት ጊዜ አይቆፈርምና ያልተመዘገበው ጠፍቶ ይቀራል። ሮዤ ዡሶም በመሩት የጢያ ቁፋሮ መቃብሮች ተገኝተዋል፤ በውስጣቸውም ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑ በርካታ ሰዎች ተቀብረው ነበር።

ሐ. ትርጓሜ

ድንጋይ መቼ እንደ ቆመ ራሱ አይናገርም። በካርቦን 14 ዕድሜው የሚለካው እንደ አጥንትና ከሰል ያለ፣ ቀድሞ ሕይወት የነበረው ነገር ነው። በውስጡ ያለው ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከቀረው መጠን ዘመኑ ይሰላል። የጢያ መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ያሉ ሲሆኑ፣ ግራኝ የተነሣው በ16ኛው ነው። እንግዲህ የድንጋዩን ዘመን የገለጠው አብሮት የነበረው መቃብር ነው።

የምልክቶቹ ትርጉም ግን ገና አልተፈታም። የሰይፎቹ ብዛት የተገደሉ ጠላቶችን ቁጥር ያሳያል የሚሉ አሉ፤ ቅርንጫፍ የሚመስለውን ምልክት ከእንሰት ጋር የሚያያይዙም አሉ። ጠንቃቃ አጥኚ የተገኘውን ከተገመተው ይለያል። አፈ ታሪኩንም አይንቅም፤ ሕዝቡ ድንጋዮቹን እንዴት ሲያያቸው እንደ ኖረ ያስረዳዋልና።

መ. የእኛ ድርሻ

ወርቅ አገኛለሁ ብሎ የሚቆፍር፣ ለቤት መሠረት ድንጋይ የሚነቅል ሰው ድንጋዩን ከመቃብሩ ይለየዋል። ከዚያ በኋላ ዘመኑን የሚመልስ መሣሪያ የለም። እነዚያም ወጣቶች ስማቸውን ባናውቅም የተለቀሰላቸው ሙታን ናቸውና ዕረፍታቸው ሊከበር ይገባል። ስለዚህ ጥንታዊ ነገር ስናገኝ ሳንነካ ባለበት ትተን ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት እናስታውቅ፤ ካቴኪስቶችም ይህንን ለልጆች ያስተምሩ።

ለውይይት፦
1. በአካባቢያችን ስለ ጥንታዊ ድንጋዮችና መቃብሮች ሽማግሌዎች ምን ይነግሩናል?
2. አንድ ዕቃ ከተገኘበት ቦታ ሲነሣ ምን ይጠፋል?