በንግድ ቤት ስልክ ስለሚደረግ የአደጋ ጊዜ ጥሪ

በሰሚት ከሚገኙት መጋዘኖችና የሕንጻ ሱቆች ብዙዎቹ ጥቂት የውጭ መስመር ለብዙ የውስጥ ስልኮች የሚያካፍል ማዞሪያ፣ በተለምዶ ፒቢኤክስ የሚባለውን፣ አስተክለዋል። መሣሪያው ወጪ ይቆጥባል፤ ነገር ግን በአደጋ ሰዓት ራሱ እንቅፋት ሊሆን ስለሚችል ባለቤቱ አስቀድሞ ሊመረምረው ይገባል።

ወደ ውጭ ለመደወል ቁጥር 9ን ማስቀደም በብዙ ማዞሪያዎች የተለመደ ነው። በከተማችን ደግሞ ፖሊስ በ991፣ እሳት አደጋ በ939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራሉ፤ ሦስቱም በ9 ይጀምራሉ። እሳት ተነሥቶ የመጋዘኑ ጠባቂ 939 ቢደውል፣ ማዞሪያው የፊተኛውን 9 የውጭ መስመር መጠየቂያ አድርጎ ይወስደውና የሚያስተላልፈው 39ን ብቻ ይሆናል። 9939 መደወል ነበረበት፤ ይህን ግን በጭስ መካከል የሚያስበው ማን ነው?

በአሜሪካ እንዲህ ያለው ነገር ሕግ እንዲወጣ ምክንያት ሆኗል። በኅዳር ወር 2006 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት፣ ማርሻል በምትባል ከተማ፣ ካሪ ሀንት የተባለች ሴት በሆቴል ክፍል ውስጥ ስትገደል የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ የዚያን አገር የአደጋ ቁጥር 911ን አራት ጊዜ ደወለች። የሆቴሉ ስልክ አስቀድሞ ሌላ 9 ይፈልግ ስለ ነበር ጥሪው አልወጣም። በሟቿ ስም የተጠራው ሕግ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ተፈርሞ ከየካቲት 8 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ከዚያ ቀን ወዲህ የሚተከል ማዞሪያ ሁሉ 911ን ያለ ቅድመ ቁጥር ማስተላለፍ አለበት። አስመጪዎቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው፣ ግዴታው በፋብሪካው ላይ ብቻ ሳይቀር አስመጪውን፣ ሻጩንና ተካዩንም መያዙን ነው።

ከውጭ የመጣ መሣሪያ 911ን ወይም 112ን ያውቅ ይሆናል፤ 939ን ግን ካላስተማሩት አያውቅም። ስለዚህ ከተካዩ ጋር በሚደረገው ውል ሦስቱ ቁጥሮቻችን በቀጥታ እንዲወጡ በጽሑፍ ይግባ፤ የመጨረሻው ክፍያም ይህ ተሞክሮ ከታየ በኋላ ይሁን። ከሁሉ የሚሻለው የውጭ መስመሩን መጠየቂያ ከ9 ወደ 0 ማዛወርና ለውስጥ ስልክ በ9 የሚጀምር ቁጥር አለመስጠት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደጋና ስለሚደረገው ጥንቃቄ እንዲያስታውቅ ያዛል። በእኔ አስተያየት፣ ጠባቂው እርዳታ በምን ቁጥር እንደሚጠራ ማስታወቅም ከዚሁ ግዴታ የሚቈጠር ነው።

አድራሻም ሌላ ችግር አለው። ዋናው ጽሕፈት ቤቱ መርካቶ፣ መጋዘኑ ሰሚት የሆነ ነጋዴ በአንድ ማዞሪያ የሚጠቀም እንደ ሆነ፣ ከመጋዘኑ የሚደረገው ጥሪ በመርካቶው ቁጥር ሊታይ ይችላል። በዚህ ላይ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ አድራሻቸው ቢለወጥም የደብዳቤ ወረቀታቸው እስከ ዛሬ «ቦሌ» የሚል ንግድ ቤቶች አሉ። ጸሐፊዎች ይህን ማረም የእኛ ሥራ ነው። በእያንዳንዱ ስልክ አጠገብ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው፣ የሕንጻው ስምና ፎቁ፣ እንዲሁም እንደ ፍየል ቤት ወይም ሳፋሪ ያለ በአቅራቢያው የሚታወቅ ምልክት በጉልህ ተጽፎ ይለጠፍ።

መብራት ሲጠፋ ማዞሪያውም አብሮ እንደሚጠፋ መርሳት አይገባም፤ ባትሪ ከሌለው ዘበኛው ሞባይል ይያዝ። ቁጥሮቹ በሚሞከሩበት ጊዜ ስልኩን ለሚያነሣው ሰው ሙከራ መሆኑን ወዲያው መንገር ያስፈልጋል፤ ሳይናገሩ መዝጋት መኪና በከንቱ ሊያስነሣ ይችላል።