የትርፍ ድርሻ ግብርና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት፦ የኢሉባቦር ቡና አምራቾች ሁኔታ

በኢሉባቦር ዞን በመቱ፣ በሁሩሙና በያዮ አካባቢ አነስተኛ የቡና ማሳ ያላቸው አርሶ አደሮች እሸት ቡናቸውን ለመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያስረክቡ የዕለቱን ዋጋ ይቀበላሉ። ማኅበሩ ቡናውን ሸጦ ካተረፈ፣ ሒሳቡ ከተመረመረ በኋላ በዕጣቸው ብዛትና ባስረከቡት ምርት መጠን የትርፍ ድርሻ ያከፋፍላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ከዚህ ክፍያ የሚቆረጠው ግብር የተቀባዩን አቅም ያገናዘበ ነው ወይ የሚል ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ማኅበሩን ከገቢ ግብር ነፃ ሲያደርግ፣ አባላት ግን ከትርፍ ድርሻቸው ግብር እንዲከፍሉ ደንግጎ ነበር። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ የትርፍ ድርሻን በሠንጠረዥ «መ» መድቦ በጠቅላላው መጠን ላይ 10 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር። ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ከፋዩ ሲሆን፣ ለተቀባዩም የመጨረሻ ግብር ነው። የክልሎች የገቢ ግብር ሕጎችም በአመዛኙ ይህንኑ መዋቅር ይከተላሉ።

ችግሩ የሚታየው ሠንጠረዦቹ ሲነጻጸሩ ነው። በዚሁ አዋጅ ሠንጠረዥ «ሀ» እስከ 600 ብር የሚደርስ የወር ደመወዝ ግብር አይከፈልበትም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያም ይህ ወለል ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። የ2008ቱ አዋጅ ለትርፍ ድርሻ እንዲህ ያለ ወለል አላበጀም። ለምሳሌ ያህል፣ በዓመት 600 ብር የደረሳት ባሏ የሞተባት አባል በ2008ቱ ምጣኔ 60 ብር ይቀነስባታል፤ 60,000 ብር የደረሰው የአክሲዮን ባለቤትም 6,000 ብር ይቀነስበታል። መቶኛው እኩል ቢሆንም ሸክሙ እኩል አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የክፍያው ባሕርይ ነው። በዕጣ የሚከፈለው የካፒታል ፍሬ ነው፤ ባስረከቡት ምርት መጠን የሚከፈለው ግን ዘግይቶ የደረሰ የቡና ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልሎች ሥልጣን በመሆኑ፣ ከአንድ ማሳ የተገኘ ገቢ በሁለት ስም ግብር ሊጣልበት ይችላል።

ስለዚህ ሁለት እርምጃዎች ይታያሉ። ማኅበራት በመዝገባቸው የዕጣ ትርፍንና የምርት ተመላሽን ለይተው ቢያሰፍሩ፣ ሕግ አውጪውም ለአነስተኛ የትርፍ ድርሻ ከግብር ነፃ የሆነ ወለል ቢያበጅ፣ ግብሩ በክፍያው ስም ሳይሆን በተቀባዩ አቅም ይመዘናል።